ለፐርዝ የተላከ መርዶ

"ነገርሻት?"

ጥያቄው የደረሰባት ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት ውስጥ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ሰክታ፣ ከሚሽከረከረው የዕቃ መውሰጃ ላይ ትልቁን ሰማያዊ ሻንጣ ለመጎተት ስትታገል ነው። ደዋዩ ከአዲስ አበባ ወንድሟ ሙሉዓለም ነበር። ደህና ገባችሁ ወይ እንኳ አላላትም።

"ሃሎ? ብሩክታይት፣ ነገርሻት ወይ ነው የምልሽ።"

ሻንጣው ከእጇ አመለጠና ዙሩን ቀጠለ። ባሏ ወንድሜነህ የዕቃ ጋሪው ላይ ተደግፎ ቆሞ ያንቀላፋል። ትንሹ ልጃቸው ቢንያም ጋሪው ላይ ወጥቶ ተኝቷል። ከፐርዝ ዶሃ፣ ከዶሃ ዋሽንግተን ቁጭ ብላ የመጣችበት ወገቧ የራሷ አልመስል ብሏታል። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ስላላት በካልሲ ነው የቆመችው። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው የሚናገረውን አያውቅም።

"አዎ፣ ነገርኳት" አለች።

ውሸት ሁልጊዜ ታስቦ አይዋሽም፤ አንዳንዴ ድካም ራሱ ይዋሻል። ብሩክታይት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

"ተመስገን" አለ ሙሉዓለም በረጅሙ ተንፍሶ። "እንዴት ሆነች?"

"እንዴት ትሆናለች? አለቀሰች።"

"በቃ፣ እንግዲህ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ እናገራለሁ። እስከ ዛሬ እሷ ሳትሰማ እየተባለ ሰው አፉን ይዞ ነው የከረመው። ደውለው ያጽናኗት።"

"ቆይ፣ ሙሌ…" ልትል ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

ሻንጣው ዞሮ ተመለሰ። ይዛ የጎተተችው ልጇ ኤፍራታ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የሰማችውን ነገር ያልሰማች መምሰል ገና አልለመደችም።

"ማሚ፣ አልነገርሻትም እኮ። ዋይ? ለምን እንደዛ አልሽው?"

"ዝም ብለሽ ሻንጣውን ጫኚ" አለቻት እናቷ።

የነገሩ መነሻ የብሩክታይት አባት አቶ ፀሐዩ ናቸው። ደሴ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ ማታ ደህና ተኝተው ጠዋት አልተነሡም። ብሩክታይት የሰማችው እንደ ወጉ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማዋ በር ገና ሳይነጋ ተንኳኳ፤ በበሩ ቀዳዳ ስታይ የሰፈሩ ሐበሻ ሽማግሌ ጋሼ ወልደአምላክ፣ ባለቤታቸው እትዬ አየለችና ሌሎችም ነጠላቸውን ተከናንበው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። አሜሪካም ቢሆን፣ በዚያ ሰዓት ነጠላ የለበሰ ሰው በር ላይ ተሰልፎ ከታየ ለምን እንደመጣ አይጠየቅም። በሩን ሳትከፍት ነው እሪ ያለችው።

የፐርዙ ጉዞ ትኬት ግን ከዚያ በፊት፣ ገና በገና ሰሞን ተቆርጦ ነበር። አውስትራሊያ ያለችውን ታናሽ እህቷን ልዕልትን ካየቻት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ የልዕልትን አራስ ልጅ ሉሊትን ደግሞ ጭራሽ አላየቻትም። ብሩክታይት ለቅሶ ላይ ሆና ሽርሽር ብሎ ነገር የለም፣ ይቅር አለች። ጋሼ ወልደአምላክ ናቸው እምቢ ያሉት።

"እንዲያውም ይሄ እግዜር ያዘጋጀው ነው" አሏት። "መርዶ በስልክ አይነገርም። ያቺ ልጅ እዚያ ማን አላት? ባሏ በረሃ ለበረሃ ማዕድን ሲያወጣ ነው የሚከርመው። ሄደሽ፣ አቅፈሽ፣ ሲነጋ ንገሪያት። እስከዚያ ወንድምሽ አንድ ነገር እያለ ያቆያታል።"

ወንድሟም አንድ ነገር አለ። ልዕልትን አባባ ጠበል ገብቷል፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም አላት።

እትዬ አየለች ሁለት ጥቁር ቀሚስ ገዝተው መጡ፤ አንዱ ለብሩክታይት፣ አንዱ ለልዕልት። "ስትነግሪያት ይሄን አልብሻት፣ አንቺም ያኔ ትለብሻለሽ" አሏት። "እስከዚያ ግን ጥቁር እንዳታደርጊ። ገና ኤርፖርት ስታይሽ ታውቃለች።" ስለዚህ ብሩክታይት ሐዘኗን ገና ሳትጠግበው፣ የለበሰችውን ጥቁር አውልቃ ቢጫ ሸሚዝ ለበሰች። ኤፍራታ ጥፍሯን ቀለም ቀባቻት። ሁለቱ ቀሚሶች በፌስታል ተጠቅልለው ሰማያዊው ሻንጣ ታች ገቡ። ፐርዝ ሲደርሱ ፈታሹ ሻንጣውን ከፍቶ የእትዬ አየለችን ማር ወሰደ፤ ጥቁሮቹን ቀሚሶች አንሥቶ አራገፈና መልሶ አጠፋቸው። የተከለከለ ነገር አላገኘባቸውም።

ፐርዝ እንዲህ ያለች ከተማ ትሆናለች ብሎ ማንም አልነገራትም። እዚያ ክረምቱ እየወጣ ስለነበር ፀሐይዋ የመስከረም ፀሐይ ናት። ሰው በባዶ እግሩ ሱፐርማርኬት ይገባል፤ አሮጌ ጫማ እንኳ ጠፍቶበት አይደለም፣ ስላላሰኘው ነው። ከአውቶብስ የሚወርደው ሁሉ ሹፌሩን አመስግኖ ይወርዳል። ሱቁ ገና በቀን ይዘጋል። የልዕልት ባል ታዴዎስ እነሱ በነበሩበት ሰሞን ለዕረፍት ቤቱ ነበርና፣ በየጠዋቱ ወንድሜነህን ይዞት ዓሣ ለማጥመድ ወንዝ ይወርዳል፤ ምንም ሳይዝ ይመለሳል፤ ምንም አይመስለውም።

አንድ ቀን ወንድሜነህ ወንዙ ዳር ሣሩ ላይ የተዘረረውን ሰው ሁሉ አይቶ፣ "ዛሬ እዚህ አገር በዓል ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

"ኧረ ማክሰኞ ነው" አለው ታዴዎስ።

ብሩክታይት ደግሞ ተኛች። ወይ መተኛት። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አሮጊቶችን ስታገላብጥ፣ የአንዱን ፈረቃ ከሌላው ስትደርብ የኖረች ሴት ናት፤ ቤቷ እንኳ የምትተኛው አንድ ጆሮዋን ለስልኩ ትታ ነው። እዚያ ግን አልጋ ላይ ጋደም ስትል የሆነ ሰው ከላይዋ ሸክም ያወረደላት ይመስል እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ልትነግራት አስባ፣ የነቃችው ምሳ ሊቀርብ ሲል ነው። በሌላው ቀን እንደምንም በማለዳ ተነሣች። ልዕልት መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ሉሊትን እያጠባች ታንጎራጉር ነበር፤ ፊቷ ላይ የጠዋት ብርሃን አርፎበታል። እህቷን በሩ ላይ ስታያት ፈገግ አለችና በእጇ ነይ አለቻት። ብሩክታይት ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። መርዶውን ትታ የሉሊትን ትንሽ እግር ትዳብስ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ነገ፣ ነገ ሆነ። ወንድሜነህ በየጠዋቱ በዐይኑ ይጠይቃታል፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ልጆቹ በጀልባ ይሂዱ ተባለ፣ ተሄደ። ወንዙ ላይ ጥቁር ዳክዬ የመሰለ ትልልቅ ወፍ አይተው ቢንያም ሲጮህ ልዕልት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ የምትስቅን ልጅ ምን ብዬ ላስለቅሳት፣ አለች ብሩክታይት በልቧ። ስለ አባታቸው ብትጠየቅ የምትመልሰውን አጥንታ ነበር የሄደችው፤ ልዕልት ግን አልጠየቀቻትም፤ እሷም እፎይ አለች። በመጨረሻው ቀን ሻንጣ ልትሸክፍ ብላ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ሻንጣው ተቆልፎ በር ላይ ቆሟል። ኤርፖርት ላይ ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ እሱማ ኤርፖርት ላይ ሁሉም ያለቅሳል።

አሁን መኪናቸው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስትበር ወንድሜነህ፣ "ሙሉዓለምን ምን አልሽው?" አላት።

"ነገርኳት አልኩት።"

"ምን?"

"አልኩት፣ በቃ። ወጣብኝ።"

ወንድሜነህ መንገዱን እያየ ከንፈሩን ነከሰ። የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል። "እንግዲያው ሌላ ሰው ሳይቀድምሽ ደውዪላት" አላት። "'እግዜር ያጽናሽ' የሚል ሰው ከየት እንደሚመጣ አታውቂም።"

"አሁን እኮ እዚያ መሽቷል። ማታ መርዶ ይነገራል እንዴ? ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ስታለቅስ ልታድር?"

እሱም ይህን ያውቃል። ታዴዎስ እነሱን ሸኝቶ በዚያው ወደ በረሃው በሯል። የሁለቱ አገር ሰዓት ደግሞ ልክ ቀንና ሌሊት ሆኖ የተገለበጠ ነው፤ እዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው እዚያ የሚነጋው። ልዕልት ለሕፃኗ ስትል ማታ ማታ ስልኳን ትዘጋለች። ብሩክታይት አሁን ያላት ጊዜ እሱ ብቻ ነው፤ ስልኩ ሲከፈት የመጀመሪያዋ እሷ መሆን አለባት።

ወንድሜነህ ቤት አድርሷቸው ልብሱን ቀየረና አሌክሳንድሪያ ጥገና ወደሚሠራበት ሆቴል ሄደ። ሶፋው ላይ እንኳ አልተቀመጠም፤ ከተቀመጥኩ አልነሣም አለ። ልጆቹ ክፍላቸው ገብተው ወደቁ። ብሩክታይት ግን በጣም ከመድከሟ የተነሣ መተኛት አቃታት። ስልኳ ጮኸ፤ ጋሼ ወልደአምላክ ናቸው።

"እንኳን ደህና ገባሽ፣ ልጄ። ሙሉዓለም ነገረኝ፤ ትልቅ ሥራ ነው የሠራሽው። ማታ እኛ ቤት ተሰብስበን በስፒከር እንደውልላታለን፣ እዚያ ሲነጋ። ቁጥሯን ላኪልኝ።"

"ጋሼ፣ ትንሽ አርፍደው ቢደውሉላት…"

"ለምን?"

"ሕፃኗን… ጠዋት ሕፃኗን ታጥባለች፤ አይመቻትም።"

ጋሼ ወልደአምላክ ብዙ መርዶ የተናገሩ ሰው ናቸው፤ የሰው ድምፅ ያውቃሉ። "እሺ" አሉ። "አርፍደን እንደውላለን። አንቺ ግን እህል ቅመሺ።"

ስልኩን ስትዘጋ መልእክት ገባ። የነርሲንግ ሆሙ ሱፐርቫይዘር ናት፤ ሰው ቀርቶብኛል፣ ማታ ትገቢልኛለሽ ወይ ትላለች። ብሩክታይት ለዚህች ሴት እምቢ ብላ አታውቅም። እጇ ልማዱን አልረሳም፣ "እሺ" ብሎ ሊጽፍ ጀመረ። ከዚያ ግን ምን እንደነካት ሳታውቅ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ቢያንስ ልብስ ልጠብ ብላ ሰማያዊውን ሻንጣ ከፈተች።

የልዕልት አስተጣጠፍ ከሩቅ ይታወቃል፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ሸሚዙ ሁሉ እጅጌው ወደ ኋላ ገብቶ፣ ሱሪው ስፌት በስፌት ገጥሞ፣ የቢንያም ካልሲ ሳይቀር ጥንድ ጥንዱን ይዟል። ብሩክታይት ሁሉንም አንድ በአንድ አወጣች። ታች ስትደርስ ፌስታሉን አገኘችው። ስታነሣው ቀለል አላት። ፈታችው።

አንድ ቀሚስ ብቻ ነው ያለው።

አራገፈችው፤ የራሷ ነው። የሻንጣውን ኪስ ሁሉ ፈተሸች፤ የወንድሜነህን ቦርሳ ገለበጠች። የለም። ወደ ኤፍራታ ክፍል ሄዳ ቀሰቀሰቻት።

"ይሄን ሻንጣ የሸከፈው ማነው?"

"አክስቴ" አለች ኤፍራታ ዐይኗን ሳትገልጥ። "አንቺ ተኝተሽ ነበር።"

"ምነው አልቀሰቀስሽኝም?"

"ሺ ዉድንት ሌት አስ፤ ከለከለችን። ኤቭሪ ደይ እንደዛ ነው የምትለን። 'ቀስ በሉ፣ እናታችሁ ትተኛ' እያለች ከቤት ታስወጣናለች።"

ብሩክታይት ቀሚሱን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ስለ አባባ አልጠየቀችኝም፣ አለች በልቧ፤ ያን ሁሉ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችኝም። ሁለቱ እህትማማቾች ሲደዋወሉ የመጀመሪያው ቃላቸው ያው አንድ ነው፤ "አባባን አገኘሽው?" እሳቸውም አንዷ ስትደውልላቸው "እህትሽን ሳታገኚ ለእኔ አትደውዪ" ብለው የሚቆጡ ሰው ነበሩ። እነዚህን ልጆች በስልክ ነው እህትማማች አድርገው ያኖሯቸው። ታዲያ ጠበል ገባ የተባለ አባት ያላት ልጅ፣ ያን ሁሉ ቀን ቁርስ ላይ አጠገቧ ስትቀመጥ ተሻለው ወይ እንዴት አትልም? እኔም እፎይ አልኩ፤ እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእሷ ግን የጠራላት ውቅያኖስ ተሻግራ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

ፀሐይ ከማዶ ካለው የመኪና ማቆሚያ ጀርባ ስታዘቀዝቅ ፊቷን ታጥባ ጥቁሩን ቀሚስ ለበሰች። ከዚያ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩ ገና አንዴ ሲጠራ ተነሣ።

ልዕልት ያው መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። ጥቁሩን ቀሚስ ለብሳለች።

"ደህና ገባችሁ፣ እታለም?" አለች።

"ደህና ገባን።"

"ልጆቹስ?"

"ተኝተዋል።" አለች ብሩክታይት። "ቀሚሱ… ልክሽ ሆነ?"

ልዕልት ወገቡ ላይ ያለውን ጨርቅ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ አሳየቻት። "ትንሽ ይሰፋኛል" አለች። "አባባ ቢኖር ያጠብብልኝ ነበር።"

ያን ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ። ለረጅም ጊዜ፣ አንዳንዴ ስልኩ ድምፃቸውን እየቆራረጠው አለቀሱ። ኤፍራታ ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አለች ብሩክታይት በመጨረሻ።

"ሙሉዓለም ጠበል ገብቷል ያለኝ ዕለት። እማማ ስትሞትም እኮ ጠበል ገባች ነው ያላችሁኝ። ሰው አንድ ውሸት ሁለቴ ይዋሻል?"

ብሩክታይት እንባዋ አፏ ውስጥ እየገባ ሳቀች። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ልትነግሪኝ እንደመጣሽ ገብቶኛል። የመጀመሪያውን ሌሊት አልተኛሁም፣ ሲነጋ ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁሽ። በሩን ገፋ አድርጌ ሳይሽ ተኝተሻል፤ አፍሽን ከፍተሽ። በማግስቱም እንዲሁ። እኔ አንቺን ተኝተሽ አይቼሽ አላውቅም፣ እታለም። ልጅ ሆነን እንኳ እኔን አስተኝተሽ ነው የምትተኚው፣ ሳልነቃም ትነሻለሽ።" ልዕልት አፍንጫዋን በቀሚሱ እጅጌ ጠረገች። "አባባ ቢያይሽ 'አትቀስቅሻት' ይል ነበር። እኔም ተውኩሽ።"

"እኔ ደግሞ ደስ ብሎሽ ሳይሽ ነው…"

"ደስ ብሎኝም ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ። ጠዋት ጠዋት ለብቻዬ አለቅስና ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ ጋር እስቃለሁ። ሁለቱም እውነት ነበር።" ከዚያ ስልኩን አየት አደረገችው። "ሌላ ሰው እየደወለልኝ ነው፤ ከኢትዮጵያ ነው።"

"ተዪው፣ አታንሺው። በኋላ ይደርሳሉ። ታዴዎስ መቼ ይመጣል?"

"ገና ነው። ሰሞኑን አይመጣም።"

"ማን አብሮሽ አለ?"

"ሉሊት" አለች ልዕልት።

በዚህ መሀል የብሩክታይትም ስልክ ላይ መልእክት ገባ፤ ሱፐርቫይዘሯ ናት፣ መልስ ትጠብቃለች። ብሩክታይት "አልችልም" ብላ ጻፈችላት። ለምን እንደማትችል አልጨመረችም። ከዚያ ስልኩን ለኤፍራታ አስያዘችና መኝታ ቤት ገባች። ፍራሹን ከነአንሶላው ከአልጋው ላይ አውርዳ በኮሪደሩ መጎተት ጀመረች። ከበድ ሲላት ኤፍራታ ስልኩን አስቀምጣ በዚያኛው ጫፍ ያዘችላት። ሶፋውን ገፍተው ፍራሹን ሳሎን መሬት ላይ ዘረጉት።

"እታለም? ምንድነው የሚንኳኳው?" አለች ልዕልት ከጠረጴዛው ላይ።

"ፍራሽ እያነጠፍኩ ነው" አለች ብሩክታይት እያለከለከች። "አንቺም አንጥፊ። እዚህ ሰው ሲመጣ አብረሽ ትቀመጫለሽ።"

ስልኩን አንሥታ ወለሉ ላይ፣ በሶፋው እግር አስደግፋ አቆመችው። ከማዶ ልዕልት ከዐይን ጠፋች፤ ባዶ ወንበርና እየነጋ ያለ መስኮት ብቻ ይታያል። ቆይቶ አንድ ከባድ ነገር በወለል ላይ ሲጎተት ተሰማ። ብሩክታይት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና፣ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ጠበቀቻት።